ሐረጎን ስወርድ የፊት ፍሬኔ ይከዳኛል፤ ሙሉ ፍሬኑን ልቀይር?

የሆጤው፦

ሰላም ጀማዓው። ያለሁት ደሴ ነው። በቅርቡ ያገለገለ ማውንቴን ባይክ ገዛሁ። ጎማው 26 ነው። ማርሹ ፊት 3፣ ኋላ 7። ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ግን የዘይት ሳይሆን የካቦ። ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ከፒያሳ አራዳ፣ ከአራዳ ሰኞ ገበያ እንደልቤ ነው።

ጉዱ የሚመጣው ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መጀመሪያ ጥሩ ይይዛል። ጠመዝማዛውን ሳጋምስ የፊት ፍሬኑ እጀታ እየላላ ይመጣና መሪውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ይጮኻል። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ታች ወርጄ ትንሽ ካረፍኩ ደግሞ መልሶ ይይዛል። ከኋላ ተሳቢ እየመጣ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚሰማ አትጠይቁኝ።

ሌላው ሰንሰለቱ ነው። ሽቅብ ስመለስ ቆሜ ስረግጥ «ቀጭ» ብሎ ይዘላል። ቁጭ ብዬ ቀስ እያልኩ ስረግጥ ግን ደህና ነው።

አንድ ወዳጄ «የዘይት ፍሬን ግዛና ተገላገል» ይለኛል። ኪሴ ግን አይፈቅድም። ከሁለቱ የቱን ላስቀድም? ክብደቴ 75 ኪሎ ነው። እግረ መንገዳችሁን በጦሳ ተራራ ወይም በቦሩ ሜዳ በኩል የሚነዳ የአፈር መንገድ የምታውቁ ጠቁሙኝ። የጎማውንም ንፋስ ስንት ልሙላ?

ካቴና ኮምቦልቻ፦

አብሽር ወንድሜ። ገና ምንም አትግዛ። እኔ ኮምቦልቻ ሳይክል እጠግናለሁ። «ፍሬኔ ሞተ» እያለ ሐረጎን ወርዶ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ፍሬን አልሞተም፤ የሚያስተካክለው ሰው አጥቶ ነው።

የካቦ ዲስክ ጠባዩ እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ላይ የሚንቀሳቀሰው የውጪው ሸራ ብቻ ነው። እሱ ዲስኩን ገፍቶ ከውስጠኛው ሸራ ጋር ያጣብቀዋል። የውስጡ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሸራው በሳሳ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፣ እጀታውም ይጠልቃል። የዘይት ፍሬን ይህን ክፍተት ራሱ ይሞላዋል። የካቦው ግን የሰው እጅ ይጠብቃል።

ጎማውን አውልቅና ሸራዎቹን አውጥተህ እያቸው። የሚፋተገው ክፍል ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጣለው። ገና ከሆነ ማስተካከል ብቻ ነው። ካሊፐሩን (ሸራዎቹ የሚገቡበትን ብረት) ከፎርኩ ጋር የያዙትን ሁለት ብሎኖች ላላ አድርግ። በራጂው በኩል የውስጡን ሸራ የምታስጠጋ ብሎን አለች፤ በብሩጎላ ነው የምትዞረው። ሸራው ዲስኩን ሊነካ እስኪል አስጠጋው። ከዚያ እጀታውን ጨብጠህ እንደያዝክ ሁለቱን ብሎኖች እያፈራረቅክ አጥብቅ። ልቀቅና ጎማውን አሽከርክር። ዲስኩ የሚያሽ ከሆነ ብሎኗን በጣም በትንሹ መልሳት።

ካቦውንም ሳታይ አትለፍ። የዛገ ወይም ክሩ የተፈታታ ከሆነ ከነሽፋኑ ቀይረው። ሸራ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። አንተ ደግሞ ደንግጠህ የባሰ ትጨብጣለህ። አሮጌው ካቦ ያኔ ይለጠጣል፣ ሽፋኑም ይጨመቃል። እጀታው መሪው ጋ የሚደርሰው በዚህ ነው። ካቦ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ሆኖ ሳለ ሰው የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ይገርመኛል።

ፊዚክስ በጠዋት፦

ካቴና ያለው ልክ ነው። ግን የተስተካከለ ፍሬንም ቢሆን እያሸህ ከወረድክ ይግላል። ሒሳቡን ላሳይህ። ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ ወደ 600 ሜትር ይለያያሉ። አንተንና ሳይክሉን አንድ ላይ 90 ኪሎ እንበል። ከላይ እስከ ታች የምታራግፉት ጉልበት 530 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ የሚሄደው ወይ ወደ ንፋሱ ነው፣ ወይ ወደ ሁለቱ ስስ ዲስኮች።

ፍሬኑን ሳትለቅ በዝግታ ስትወርድ ንፋሱ ምንም አያግዝህም። ሙሉ ሸክሙ ዲስኩ ላይ ይወድቃል፣ የሚቀዘቅዝበት ፋታም የለውም። ብዙ ሰው ይህን ጥንቃቄ ይመስለዋል። የሚሻለው ግን ያዝ ለቀቅ ነው። ፊትህ ወለል ብሎ በሚታይ ቀጥታ መንገድ ላይ ልቀቀው። ቀና ብለህ ተቀመጥ፤ ደረትህ ራሱ ንፋስ ይይዛል። የንፋስ ግፊት በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የሚገታህ ንፋስ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ኩርባው ሳይደርስ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ቀንስ፣ ልቀቅ፣ ታጠፍ። ኩርባው ውስጥ ገብተህ መጨበጥ አይሆንም።

ልቀቅ ስልህ ብረር ማለቴ አይደለም። በሚታይህ ርቀት ውስጥ መቆም የማትችልበት ፍጥነት ላይ ከደረስክ አልፈሃል። መንገዱ የጂቡቲ ጭነት መኪና የሚመላለስበት ነው። ጥግ ባለበት ሰፊ ቦታ ወጣ ብለህ ዲስኩን አሳርፈው። በጣትህ እንዳትነካው፣ ያቃጥላል። ቶሎ ይቀዝቅዝ ብለህም ውሃ አታፍስበት፤ ሊጣመም ይችላል።

ቀዩ ፎርክ፦

እኔ ግን ከጓደኛው ጋር ነኝ። የዘይት ካስገባሁ ወዲህ በአንድ ጣት ነው የምወርደው። እጄ አይዝልም። ለሐረጎ የካቦ ፍሬን ስቃይ ነው። ሰውን ለምን እናስቸግራለን?

ካቴና ኮምቦልቻ፦

ቀዩ፣ የዘይት እንደሚሻል ማን ይክዳል? ግን ሦስት ነገር አስብለት። አንደኛ፣ በእንደዚህ ዓይነት ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ የማርሹ መቀየሪያና የፍሬኑ እጀታ አንድ ወጥ ነው። ፍሬኑን ስትቀይር ማርሹም አብሮ ይመጣል። ወጪው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አየር ሲገባበት የሚያወጣለት ሰውና መሣሪያ በየሰፈሩ የለም። ሦስተኛው ይባስ ነው። የሺማኖ ፍሬን የሚጠቀመው ሚኒራል ዘይት ነው። መለዋወጫ ሱቅ ሄደህ «የፍሬን ዘይት» ስትል የሚሰጡህ ግን የመኪናውን ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። እሱን ከጨመርክ የውስጡ ጎሚኒ ያብጥና ፍሬኑ ይበላሻል። እንዲህ ሆኖ የመጣልኝ አለ። አዲስ ከመግዛት በቀር መላ አልነበረውም።

ገንዘብ ካለው መጀመሪያ የፊቱን ዲስክ ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ያሳድግ። ፎርኩ የሚቀበል መሆኑን አይቶ፣ ማስማሚያውን ጨምሮ። የመያዝ ጉልበቱ አንድ ስምንተኛ ያህል ይጨምራል፣ ሙቀትም ቶሎ ያወጣል።

የሐይቅ መንገድ፦

ሰላም ወንድም። ስለ ጩኸቱ ማንም አላነሳውም። ሰንሰለትህን ዘይት ስትቀባ ወይም ስትረጭ ዲስኩ ላይ ደርሶ ይሆናል። ላቫጆ የሚያሳጥቡም ይህ ያጋጥማቸዋል። በዘይት የተነካ ሸራ ይጮኻል፣ ይንሸራተታል፣ ሲግል ደግሞ ይሸታል።

ከፋርማሲ አልኮል ግዛና ዲስኩን በንጹህ ጨርቅ በደንብ ጥረገው። በቤንዚንና በናፍጣ እንዳትሞክረው፤ ቅባት ይተዋል። ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ላዩን አሸት አድርገው። ዘይቱ ወደ ውስጥ ከሰረገ ግን ምንም አያድነው። አዲስ ሸራ ስታስገባ ወዲያው ሐረጎን አትውረድ። ገላጣ ሜዳ ላይ ፍጥነት ያዝና ጎማው ሳይቆልፍ የእግር ጉዞ ያህል እስኪሆን አቀዝቅዘው። ደጋግመው። መጀመሪያ ደካማ ነው፣ እየቆየ ይነክሳል። ለቁልቁለት ደግሞ ብረት ያለበት ሸራ ሙቀት ይችላል፤ የሬዚኑ ጸጥ ያለ ነው ግን ቶሎ ያልቃል። ዲስኩ ላይ ለሬዚን ሸራ ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ የብረቱን አትጠቀም።

ጎማህ ስፋቱ 2.1 ገደማ ከሆነ፣ በአንተ ክብደት ለአስፋልት ከ40 እስከ 50 ፒ ኤስ አይ፣ ለኮረኮንች ከ30 እስከ 35 ይበቃሃል። ከዚያ ካወረድክ ድንጋይ ሲመታህ ካላማዳሪያው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ጣሪያ ግን አትለፍ። ጎሚስታ የምታስነፋ ከሆነ አጠገቡ ቁም። የመኪና ማሽን ለሳይክል ጎማ በጣም ኃይለኛ ነው። በትንሽ በትንሹ በላቸው።

የሆጤው፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሁላችሁም። ዛሬ ፈታሁት። የውስጡ ሸራ ብረቱ ሊወጣ ደርሷል፤ የውጪው ገና ነው። ካቦውም ጫፉ ላይ ተበጣጥሷል። ሁለቱንም እቀይራለሁ። የሰንሰለቱስ ነገር?

ፊዚክስ በጠዋት፦

ማስመሪያ አለህ? ሰንሰለቱን ወጠር አድርገህ ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ 24 ፒን ቁጠርና ለካ። አዲስ ሰንሰለት ላይ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ከደረሰ ይቀየር። ከ308 ካለፈ የኋላውን ጥርስም አብሮ በልቶታል። ቆመህ ስትረግጥ ብቻ የሚዘለው ለዚህ ነው። ጉልበት ሲበዛ ያረጀው ሰንሰለት በተበላው ጥርስ ላይ ይንሸራተታል።

የሆጤው፦

309 ሆነ። አለቀልኝ ማለት ነው?

ካቴና ኮምቦልቻ፦

ሰንሰለቱና የኋላው ጥርስ አንድ ላይ ይለወጡ። አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ ላይ ብታስር የባሰ ይዘላል።

አንድ ነገር ግን ለይልኝ። የኋላው ካሴት ነው ወይስ ፍሪዊል? ጎማውን አውልቀህ ጥርሶቹን ወደ ኋላ አሽከርክር። መሃል ላይ መፍቻ የሚገባበት ጥርስ ጥርስ ያለው ቀለበት አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። ቀለበቱ ቆሞ ጥርሶቹ ብቻ ከዞሩ ፍሪዊል ነው። በ7 ማርሽ ላይ ፍሪዊል በብዛት አለ። ዕቃቸው አይገናኝም፤ ሳታውቅ እንዳትገዛ።

ጋሽ ቁልቁለት፦

ልጄ፣ ስለ መንገዱ እኔ ልመልስ። ጦሳ ላይ የምታየው ቀጭን መንገድ የሳይክል አይደለም። እንጨት የተሸከሙ እናቶችና የአህያ መንገድ ነው። ቁልቁል ስትመጣ ሰው ካየህ ከሩቅ ድምፅ አሰማ፣ ቁም፣ አሳልፍ። ሸክም የያዘ ሰው ወደ ጎን ሊል አይችልም። የባህር ዛፍ ቅጠል የተነጠፈበት ቦታ ደረቅ ቢመስልም ያንሸራትታል። እዚያ የፊት ፍሬን በስሱ ነው። ሰኞ ቀን ገበያተኛ ስለሚበዛ ባትወጣ ይሻላል።

ለጀማሪ ቦሩ ሜዳ ይሻላል። ስሙም ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያደረጉበት ነው፤ የዚያን ጊዜ ሰው በበቅሎ ነበር የሚሄደው፣ እናንተ በማርሽ። በበጋ ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጭቃው ጎማና ፎርኩ መሃል ተጠቅጥቆ ሳይክሉን ያስሸክምሃል። ከከተማ ወጣ ስትል ለብቻህ አትሂድ። ያለውን ሁኔታም የአካባቢውን ሰው ጠይቅ።

ከኮምቦልቻ ስትመለስ ደግሞ መኪና ተንጠልጥለህ አትውጣ። ጎረምሳው ሲያደርገው አያለሁ። ጉልበትህ ካለቀ ሚኒባስ ላይ ጭነህ ና፤ ማንም አይስቅብህም።

የሆጤው፦

እሺ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ካቴና፣ እንዳልከኝ አሽከረከርኩት። ቀለበቱ ቆመ፣ ፍሪዊል ነው። ትልቁ ጥርስ 28 ነው፣ ፊት ትንሹ 24። በዚያው ልግዛ ወይስ ለዳገቱ የሚቀል አለ?

ካቴና ኮምቦልቻ፦

ትልቁ ጥርስ 34 የሆነ ባለ 7 ፍሪዊል አለ። ፈልግ፣ ለሐረጎ እሱ ነው። አሁን ባለህ አንድ ጊዜ ስትረግጥ 1.77 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። በ34ቱ 1.46 ይሆናል። በደቂቃ 60 ብትረግጥ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ የነበረው ወደ 5 ይወርዳል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ቁጭ ብለህ ትወጣለህ፣ ጉልበትህም አያምህም።

ከመግዛትህ በፊት የኋላው ማርሽ ቀያሪ 34 የሚችል መሆኑን ሻጩን ጠይቅ። አጭር እግር ያለው ላይችል ይችላል። ሰንሰለቱን ለ6፣ ለ7 እና ለ8 ማርሽ የሚሆነውን ግዛ፤ አንድ ነው። ርዝመቱን በአሮጌው አትለካ፣ ያጥርብሃል። ፊት ትልቁ፣ ኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ በማርሽ ቀያሪው ሳታሳልፍ ጠምጥመው። ከተገናኘ በኋላ ሁለት ዘለላ ጨምርና ቁረጥ።

ፍሪዊል በረገጥከው ቁጥር ራሱን እያጠበቀ ስለሚሄድ በእጅ አይፈታም። የራሱ መፍቻ አለው። በመዶሻና በመሮ እንዳትነካካው፣ ሞዞውን (የጎማውን እምብርት) ታበላሸዋለህ። ጎማውን ብቻ ለሚኒባስ ሰጥተህ ላክልኝ። ሳይክሉን ማምጣት አያስፈልግም። ካላማዳሪያውን ግን አታውጣ፣ ጎማው አየር ይዞ ይምጣ፤ ፍሪዊሉን ለመፍታት ስታገል ቸርኬውን ይጠብቅልኛል።