«ላይት ኦን» ማለት ዕቃው ሲኖር ነው ሲጠፋ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት መስመር ላይ ለሚሠሩ ቴክኒሻኖች የፎቶሴል (ዕቃ መኖሩን በብርሃን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ዓይን) መግለጫ ወረቀት ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። «ላይት ኦን»ን «ዕቃ ሲያይ የሚሠራ» ብንለው ያስኬዳል? «ሂስተሪሲስ»ንስ «ማንገራገር»?

መልስ፦ የመጀመሪያው በአንዳንዱ የፎቶሴል ዓይነት ላይ ልክ ይሆንና በሌላው ላይ ይገለበጣል። ቃሉ የሚናገረው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ተቀባዩ ዓይን ነው፤ ብርሃን ሲደርሰው መውጫው ይበራል። ከዕቃው ገላ ላይ የሚመለሰውን ብርሃን በሚጠብቀው ዓይነት፣ ዕቃ መጣ ማለት ብርሃን መጣ ማለት ነው። ላኪና ተቀባዩ ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን ዕቃው ጨረሩን ይቆርጣል፤ እዚያ «ላይት ኦን» የሚበራው መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። በአንጸባራቂ የሚሠራውም እንደዚሁ። ስለዚህ «ብርሃን ሲያገኝ የሚበራ»፣ «ዳርክ ኦን»ም «ብርሃን ሲያጣ የሚበራ» በሉት። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፦ ፊት ለፊት በቆሙት ላይ «ዳርክ ኦን» ተመርጦ የመውጫው ሽቦ ቢበጠስ፣ ማሽኑ «ከረጢት የለም» ብሎ መጓዙን ይቀጥላል። በ«ላይት ኦን» ግን ብጥሱ ከረጢት የቆመ ያስመስላል፤ መስመሩም ይቆማል። መጨናነቅን ለመጠበቅ ሁለተኛው ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ «ማንገራገር» ለጆሮ ይጥማል፣ ግን አቦ፣ ነገሩን ይገለብጠዋል። ያንገራገረ ሰው ይወላውላል፤ ሂስተሪሲስ ደግሞ መወላወልን የሚከለክለው ነው። ዕቃው ሲቀርብ 100 ሚሊሜትር ላይ የበራ ዓይን፣ ሲርቅ ለምሳሌ 110 ላይ ይጠፋል። የ10ሩ ክፍተት ባይኖር በንዝረት የሚንቀጠቀጥ አንድ ከረጢት ሦስት አራት ሆኖ ይቆጠራል። «የመብራትና የመጥፋት ርቀት ልዩነት» ረዥም ነው፣ ግን አይዋሽም።

ጠያቂ፦ «የማያ ርቀት 300 ሚሊሜትር» ብለናል። «ሎድ»ንም (የፎቶሴሉ መውጫ የሚያሠራውን ዕቃ) «ጭነት»።

መልስ፦ «የማያ ርቀት» ይሁን፤ የግርጌዋን ትንሽ ጽሑፍ ግን አትጣሏት። ዕቃው ራሱ ብርሃን በሚመልስበት ዓይነት 300ው አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው 90 በመቶ ብርሃን በሚመልስ ነጭ ወረቀት ነው። 6 በመቶ ብቻ የሚመልስ ጥቁር ካርቶን ሲቀርብለት ርቀቱ በጣም ያጥራል፤ ጥቁር ጎማም ከዚያ ብዙ አይሻልም። «ጭነት»ን ግን ተዉት! ከረጢት በሚጫንበት ግቢ ሰው መኪና ነው የሚያስበው። «ሪሌው» (በመውጫው የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ) በሉና ጨርሱ፦ በፒኤንፒ (መውጫው ፕላስ በሚሰጠው ዓይነት) ሪሌው በጥቁሩ የመውጫ ሽቦና በሰማያዊው የማይነስ ሽቦ መካከል ይገባል፤ በኤንፒኤን (መውጫው ማይነስ በሚሰጠው) በቡናማው የፕላስ ሽቦና በጥቁሩ መካከል።

ሌላ መልስ፦ «አይፒ 67»ን (የመሣሪያው ሽፋን አቧራና ውኃ የሚከላከልበትን ደረጃ) «አቧራ የማይነካው» ያላችሁትም ይታረም። 6ቱ አቧራ ወደ ውስጥ አይገባም፣ 7ቱ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ሌንሱ ላይ የሚጋገረውን ሲሚንቶ አንዱም አያስቆመውም። «አቧራ የማያስገባ» ካላችሁ ሠራተኛው ሌንሱን የሚጠርግበትን ጨርቅ አይጥልም።