ትልቅ ጎማ ለማስገባት የፊት ፓራውልትን ስለመቁረጥ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የደብል ጋቢና ፒክአፕ መኪናዬን 265/70 አር 17 ጎማ አውጥቼ በ285/70 አር 17 ተክቼዋለሁ። ቸርኬው የፋብሪካው ነው፤ መኪናውም ከፍ አልተደረገም። ቀጥ ብዬ ስነዳ ምንም ድምፅ የለም፤ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ወደ ኋላ ስሄድ ግን የጎማው ትከሻ ከፊት ፓራውልት የታችኛው ጥግ ጋር የሚፋተግ ይመስለኛል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ጥጉን ራሴ ለመቁረጥ አስቤአለሁ። በምን ልቁረጠው? ጠርዙስ እንዳይሰነጠቅ ምን ላድርግ? በእጄ ያሉት መሰርሰሪያ፣ ሴጌቶና ፍሌክሲብል ናቸው።

የመጀመሪያ መልስ፦
ከመቁረጥዎ በፊት የሚነካው በእርግጥ ፓራውልቱ መሆኑን ይወቁ። አዲሱ ጎማ በቁመት 28 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይበልጣል፤ ይህም ወደ ፊት 14 ሚሊ ሜትር፣ በጎን ደግሞ በእያንዳንዱ በኩል 10 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በብዙ መኪኖች መጀመሪያ የሚነካው በፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ጥቁር የጭቃ መከላከያ ፕላስቲክ ሲሆን፣ እሱን ፈትቶ ወደ ፊት ስቦ እንደገና ማሰር ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ አለ። ለማጣራት የጎማውን ትከሻ በጠመኔ በደንብ ይቀቡና መሪውን እስከ ጥግ አዙረው ወደ ፊትም ወደ ኋላም በዝግታ ይንዱ፤ ነጩ ምልክት የታተመበት ቦታ የሚነካው ነው። ይህንኑ አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጥተው ይድገሙት፤ ሞላው ሲታመቅ ጎማው የሚደርስበት ቦታ ሜዳ ላይ ከሚታየው ይለያልና።

ሁለተኛ መልስ፦
ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ስፔሰር ቢያስገቡ መቁረጥ ሳያስፈልግዎ ይገላገላሉ።

ሦስተኛ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው የስፔሰር ምክር አልስማማም። ስፔሰር የሚጠቅመው ጎማው በውስጥ በኩል ከሻንሲው ጋር ሲነካካ ነው። ወደ ውጭ የወጣ ጎማ መሪው ሲዞር የሚሠራው ቅስት ስለሚሰፋ ፓራውልቱን የበለጠ ይመታል።

ወደ መቁረጡ ልግባ። ከተቻለ ፓራውልቱን ሙሉ በሙሉ ያውርዱት፤ ካልሆነም ጥጉን ፈትተው ከኋላው ያለውን በዓይንዎ ይዩ። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ ታንከር፣ የጭጋግ መብራቱ ሽቦና የፓርኪንግ ሴንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው፤ ከፕላስቲኩ በስተጀርባ ያለው የብረት ድጋፍ ደግሞ ግጭት የሚቀበለው ክፍል ስለሆነ በምንም ምክንያት አይነካም። የኤርባግ ሴንሰሮችም በፊት በኩል ስለሚገኙ፣ ማንኛውንም የሽቦ ሶኬት ከመንቀልዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈትተው ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ።

የሚቆረጠውን ቅርጽ መጀመሪያ በካርቶን ያውጡ። ካርቶኑን ገልብጠው በሌላው ጎን ሲጠቀሙበት ሁለቱ ጥጎች እኩል ይወጣሉ። መስመሩ የሚያልፍበትን ቦታ በወረቀት ቴፕ ሸፍነው በቴፑ ላይ ያስምሩ፤ ቴፑ ቀለሙ እንዳይፈረፈር ይይዘዋል። መስመሩ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጥተው ቁረጡ እዚያ ላይ እንዲያበቃ ያድርጉ። ስለት ያለው ጥግ ንዝረቱን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ስለሚሰበስብ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ክብ ጥግ ግን ጫናውን ያከፋፍላል።

ፍሌክሲብሉን ይተዉት። አብዛኞቹ ፓራውልቶች የሚሠሩት ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ደግሞ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ፈጣኑ ዲስክ ስለሚያቀልጠው ዝቃጩ ጠርዙ ላይ እየተጠቀለለ ይደርቃል፣ አልፎ አልፎም የተቆረጠው መስመር ከኋላ ተመልሶ ይጣበቃል። ሴጌቶ አድካሚ ቢሆንም ከሁሉም ንጹሕ ጠርዝ የሚሰጠው እሱ ነው። ከመስመሩ ጥቂት አስቀርተው ይቁረጡና የቀረውን በሞረድ፣ በመጨረሻም በ120 እና በ240 ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ። በብርድ ጊዜ ፕላስቲኩ ቶሎ ስለሚሰበር ሞቅ ባለ ሰዓት ቢሠሩ ይሻላል። መነጽር ማድረግዎን አይርሱ።

የጠያቂው ምላሽ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጠመኔው ምልክት በቀኝ በኩል መከላከያው ላይ ብቻ ስለታተመ ስቤ አሰርኩት፤ ያኛው ጎን ተስተካክሏል። በግራ በኩል ግን ፓራውልቱ ራሱ ይነካል፤ ከኋላውም የጭጋግ መብራቱ ሽቦ ያልፋል። በጎማውና በጠርዙ መካከል ስንት ክፍተት ልተው? ከመሃል በታች ያለውንስ ከንፈር አብሬ ልቁረጠው?

አራተኛ መልስ፦
መሪው ተጠምዞ ሞላው ታምቆ ሳለ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ ጎማው ላይ የሚጣበቀው ጭቃም ቦታ ይፈልጋል። ሽቦውን ከመቁረጥዎ በፊት ወደ ላይ አንስተው በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት። የመሃሉን ከንፈር አይንኩት፤ በብዙ መኪኖች አየርን ወደ ራዲያተሩ የሚመራው እሱ ነው፤ ቢቆረጥ በፍጥነት ሲነዱ ሞተሩ ሊሞቅብዎ ይችላል። ለመልክ ብለው ቀኙንም መቁረጥ ከፈለጉ የእርስዎ ምርጫ ነው፤ እኔ ግን የማይነካውን አልቆርጥም ነበር።

ጠርዙን በጎማ ክፈፍ ከሸፈኑት ቀለም አያስፈልገውም። መቀባት ካሰቡ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ፕራይመር ያስቀድሙ፤ ያለ እሱ ቀለሙ ከፖሊፕሮፒሊን ላይ ይላጣል። በተጨማሪም የፍጥነት መለኪያዎ ከአሁን በኋላ ከቀድሞው በ3.5 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነብባል። የጎማ መጠን ለውጥና የፓራውልት ቅርጽ በዓመታዊ ምርመራና በኢንሹራንስ በኩል ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ሴጌቶውን ከማንሳትዎ በፊት የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቁ።