የአባቴ ቮልስ መብራት እንደ ኩራዝ ሆነብኝ፤ ሽቦውን ሁሉ ላስቀይር?

የአባቴ ቮልስ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። ከባህር ዳር ነኝ። አባቴ የተወልኝ ቮልስ አለች፤ 1300፣ በፈረንጆቹ 1969 የተሠራች፣ ባለ 12 ቮልት። ሞተሯ ሰላም ነው። ያስቸገረኝ መብራቷ ነው። የፊቱ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ ጭራሽ ይፈዛል። ቅዳሜ ከጢስ አባይ ስመለስ መሸብኝና 30 ኪሎ ሜትሩን የአንድ አይሱዙ የኋላ መብራት ተከትዬ ነው ከተማ የገባሁት።

ፊውዝ ሳጥኑን ስከፍተው አንዱ ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል። ከክሩስኮቱ ስር የቤት መብራት ሽቦ አለ፤ ናስትሮው በሙቀት ላልቶ እጅ ላይ ይጣበቃል። አንድ ኤሌክትሪሺያን «ሁሉንም በጥሰን እንደ አዲስ እንዘርጋ» አለኝ። አምና ቀለም አስቀብቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የባሰባት ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባጃጅ አባይ ማዶ
ኤል ኢ ዲ ጣልባት ወንድሜ! እኔ ባጃጄ ላይ ካስገባሁ ወዲህ ሌሊቱ ቀን ሆኖልኛል።

ጋሽ ካቻቪቴ
ልጄ፣ ኤል ኢ ዲውን ለጊዜው ተወው። ያንን የሲጋራ ወረቀት ዛሬውኑ አውጣልኝ። የቮልስ ፊውዝ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። ኮንታክት ሲፈጠር ቀድሞ መቃጠል ያለበት ፊውዙ ነው። ወረቀቱ እንደ ፊውዝ በልኩ አይበጠስም። እሱ ችሎ ሲቆም ሽቦው ይቃጠላል። ናስትሮህን ያቀለጠው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የኋላ ወንበሩን አንሳ። ባትሪው እዚያ ስር ነው። ክዳን አለው? ከሌለው፣ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ፖዘቲቩን ይነካል። ወንበሩ ውስጥ የተሞላው ደግሞ እንደ ደረቅ ሣር የሚነድ ነገር ነው። እንዲህ ሆና ስትነድ ያየኋት ቮልስ አለች፤ ሰዎቹ የወረዱት ጭሱ ሲያፍናቸው ነበር።

የፔዳ ልጅ
ጋሼ ልክ ናቸው። ከመበጠስህ በፊት ግን ለካ። ቴስተር አለህ? የፊት መብራቱን አብራ። የቴስተሩን አንድ እግር ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ጀርባ ያለው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። ባትሪው ኋላ ስለሆነ ረጅም ሽቦ መቀጠል አለብህ። ከዚያ እንዲሁ ኔጋቲቩን ከአምፖሉ ቡናማ ሽቦ ጋር ለካ። የምታነበው ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። በእያንዳንዱ በኩል ከግማሽ ቮልት ካለፈ እዚያ ጋ ችግር አለ። 2 ቮልት ጠፋ ማለት ብርሃኑ ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው።

ሞተሩ ቆሞ አትለካ፤ ጋዝ ሰጠት እያደረግህ ይሁን። የዚያ ዘመን ቮልስ ዲናሞ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳትሰጥ፣ ብዙም አይሰጥም። የትራፊክ መብራት ላይ ቆመህ የፊቱ መብራት ትንሽ ቢፈዝ ተፈጥሮዋ ነው፣ አይግረምህ።

የአባቴ ቮልስ (ጠያቂ)
ለካሁ። በፖዘቲቭ በኩል 0.6፣ በኔጋቲቭ በኩል 1.9። የባትሪው ክዳንም የለም! ወረቀቱን አውጥቼ ትክክለኛ ፊውዝ አስገብቻለሁ።

የፔዳ ልጅ
በቃ፣ ተገኘ። ቡናማው ሽቦ ቦዲው ላይ በብሎን የታሰረበትን ቦታ ፈልግ። ቀለም ቀቢዎቹ ላዩ ላይ ቀብተውበታል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብሎኑን ፍታ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ መልሰህ እሰር፣ ላዩን ግሪስ ቀባው። የኛ ከተማ ከሐይቁ እርጥበት ጋር ነው የሚኖረው፤ ክረምት ሲመጣ ያልተቀባ ብረት ወዲያው ነው የሚዝገው። ከጊርቦክሱ ወደ ቦዲ የሚሄደውን ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ገመድም እየው። እሱ ከላላ ሞተሪኖውም ይደክማል።

ሽቦ ነጋዴ
እኔ ግን ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ነኝ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ሽቦ ምን ይጠገናል? ላስቲኩ ሲታጠፍ እንደ ብስኩት ይሰነጠቃል።

ጋሽ ካቻቪቴ
ይሰነጠቃል፣ እውነት ነው። ግን ሁሉም እኩል አያረጅም። ጫፉን ትንሽ ላጠው፤ መዳቡ ደማቅ ከሆነ ተወው፣ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ካወጣ ቀይረው። በአንዴ ሁሉን የበጠሰ ሰው ነው መኪናውን ጋራዥ ጥሎ የሚረሳው። ደግሞ የጀርመን ቀለሙን አታጥፋ። ቡናማ ግራውንድ (ቦዲው ላይ የሚታሰረው ኔጋቲቭ) ነው፣ ቀይ ከባትሪ በቀጥታ የመጣ፣ ጥቁር በአብዛኛው ቁልፍ ሲዞር የሚያገኝ። አንተ ሁሉንም በአንድ ቀለም ከዘረጋኸው ነገ የሚጠግንልህ ሰው ይረግምሃል።

የቤት ሽቦውን ግን ሳትውል ሳታድር አውጣ። አንድ ወፍራም ክር ብቻ ነው ያለው። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ሲኖር ግሩም ነው፤ መኪና ላይ በንዝረት ይሰበራል። ባለ ብዙ ክር የመኪና ገመድ ግዛ።

እመቤት የዘጌ መንገድ
የእኔም ቮልስ ናት፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) አስገብቼ ነው የተገላገልኩት። የፊት መብራት ኤሌክትሪክ ከኋላ ተነስቶ፣ ክሩስኮት ላይ ባለው ማብሪያ አልፎ፣ በፊውዝ ዞሮ ነው አምፖል የሚደርሰው። ያ አሮጌ ማብሪያ ሁሉን ይሸከማል። ሪሌ ስታስገባ ማብሪያው ትዕዛዝ ብቻ ይሰጣል። ሁለት ሪሌ ይበቃል፣ አንድ ለረጅሙ፣ አንድ ለአጭሩ። የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው፦ 30 ላይ ከባትሪ በፊውዝ የመጣው፣ 87 ወደ አምፖል፣ 86 ከድሮው መብራት ሽቦ፣ 85 ግራውንድ። ከሪሌ ወደ አምፖል 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ በቂ ነው። ዋናው ፊውዝ እዚያው ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ፊት በኩል ካደረግከው ገመዱ ራሱ ጠባቂ የለውም።

ለባጃጁ ወንድማችን፦ ኤል ኢ ዲ የቮልስ ፍሬቻ ላይ ከገባ የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው) አሠራሩ ይበላሻል፣ በቂ ጭነት አያገኝምና። የፊት መብራት ላይ ደግሞ ሳህኑ ለሌላ አምፖል የተሠራ ስለሆነ ብርሃኑ ተበትኖ የመጪውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል።

ባጃጅ አባይ ማዶ
እሺ እሺ፣ እጄን ሰጠሁ 😄 ለካ ለዚህ ነው ድልድዩ ላይ ሁሉም ረጅሙን የሚያበራብኝ።

የአባቴ ቮልስ (ጠያቂ)
ብሎኑን አገኘሁት። ከኮፋኖው ስር፣ ቀለሙ እንደ ማር ተጋግሮበታል። ፈግፍጌ አሰርኩት፤ 1.9 የነበረው 0.2 ሆነ። ማታ 1 ሰዓት ላይ አጥሩ ላይ አበራሁት፣ የጎረቤት ውሻ ተነስቶ ጮኸ። ሪሌውን በሚቀጥለው ሳምንት። እመቤቴ አመሰግናለሁ፣ ጋሼም እድሜ ይስጥልኝ።

ጋሽ ካቻቪቴ
አሜን። የባትሪው ክዳንስ?

የአባቴ ቮልስ (ጠያቂ)
ከወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጬ ሁለት ድርብ አድርጌ በላስቲክ አስሬዋለሁ። ዋናውን እስካገኝ ኋላ ሰው አላስቀምጥም።