የዝንጅብል ሊኬር በቤት ውስጥ፦ ጥሬውን መዘፍዘፍ ወይስ አፍልቶ መጨመር?

ቅመሜ፦

ጤና ይስጥልኝ። የዝንጅብል ሊኬር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) ቤት ውስጥ ለማዘጋጀት ሳስብ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት አሠራሮች አጋጠሙኝ። አንደኛው እርጥብ ዝንጅብል ከትፎ ለአንድ ሳምንት ያህል ቮድካ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ማጥለል፣ ከዚያ የስኳር ሽሮፕ መጨመር ነው። ሁለተኛው ዝንጅብሉን ከውኃና ከስኳር ጋር 20 ደቂቃ ማንተክተክ፣ ሲቀዘቅዝ ከነዝንጅብሉ ቮድካ መጨመርና በማግስቱ ማጥለል ነው። ለመጀመር የያዝኩት 700 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ቮድካ፣ ተልጦ 200 ግራም የሚሆን ዝንጅብልና 200 ግራም ስኳር ነው።

የምፈልገው ጉሮሮ የሚያሞቅ፣ የእርጥብ ዝንጅብል ሽታው ያልጠፋና ጥርት ያለ መጠጥ ነው። የቱን መንገድ ልከተል? ሲያልቅስ የአልኮል መጠኑ ስንት ላይ ያርፋል? ደግሞ ሁሉም ሰው "ይደፈርሳል" ይላል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው? በስኳር ፈንታ ማር ቢገባስ?

የጓዳ ባለሙያ፦

ሰላም እህቴ። ሁለቱ መንገዶች የሚሰጡት ሁለት የተለያየ መጠጥ ነው፤ አንዱ የሌላው አቋራጭ አይደለም። እርጥብ ዝንጅብልን የሚያፋጀው ጂንጀሮል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ዝንጅብሉ ሲደርቅ ወይም ሙቀት ሲያገኘው የተወሰነው ጂንጀሮል ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ እሱ ከመጀመሪያው የባሰ ይፋጃል። ሲበስል ደግሞ ዚንጀሮን ይፈጠራል፤ ይሄኛው ለስለስ ብሎ ጣፈጥ ይላል። ሽታው ግን ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ሎሚ ሎሚ የሚለው የእርጥብ ዝንጅብል ሽታ ሲትራልን ከመሳሰሉ ተናኝ ዘይቶች ስለሚመጣ፣ ድስቱ ሲንተከተክ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ቤቱን ያወደው ሽታ ጠርሙሱ ውስጥ መቅረት የነበረበት ነው። አንቺ የፈለግሽው ሽታውን ስለሆነ ጥሬውን ዘፍዝፊ።

ዝንጅብሉ ቆዳው የተወጠረ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል ይሁን። የተጨማደደው ቃጫ ብቻ ነው። ታጥቦ በማንኪያ ጠርዝ ይፋቃል፤ በቢላ ሲላጥ ከቆዳው ሥር ያለው ሽታ የበዛበት ክፍል አብሮ ይጣላል። ከዚያ ቃጫውን አቋርጦ በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይከተፋል። መፈቅፈቅ ሥራ ያቀለለ ይመስላል፤ ግን ስታርቹንና ድቃቂውን ሁሉ ስለሚለቀው ማጥለያው ይደፈናል። ከሁሉም የከፋው የደረቅ ዝንጅብል ዱቄት ነው፤ የማጥለያውን ወረቀት ከመድፈኑም በላይ አፈር አፈር የሚል ጣዕም ይተዋል። ደረቅ ዝንጅብል መጠቀም ግድ ከሆነ ሳይፈጭ፣ ከስክሶ፣ ለ700 ሚሊ ሊትር 25 ግራም ያህል ይበቃል።

ንጹሕና ደረቅ የሆነ፣ 1 ሊትር የሚይዝ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ዝንጅብሉ ይገባና ቮድካው እስኪሸፍነው ይፈስበታል። ከፈሳሹ በላይ የሚቀር ቁራጭ አይኑር፤ አየር ያገኘው ይጠቁራል። ክዳኑ ጥብቅ ይበል፣ ብርሃን የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፣ በቀን አንዴ ይወዝወዝ። የቤት ሙቀት ይበቃል።

ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ይቀመሳል። ዝፍዝፉን ብቻውን መቅመስ ግን ያሳስታል፤ ስኳር የሌለው አልኮል ራሱ ስለሚያቃጥል የዝንጅብሉ መፋጀት ከእሱ አይለይም። 2 የሻይ ማንኪያ ዝፍዝፍ ከ1 የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ ጋር ቀላቅለሽ ቅመሺ፤ ከመጨረሻው መጠጥ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሽታ ትንሽ ነው፤ የእንጨት እንጨት ጣዕም ግን ይመጣል።

የሎሚ ልጣጭ ከወደድሽ የግማሽ ሎሚ፣ ቢጫው ብቻ፣ በመጨረሻው 24 ሰዓት ይግባ። ነጩ ክፍል ከገባ ወይም ልጣጩ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ከተዘፈዘፈ መጠጡ ይመራል፤ የገባ ምሬት ደግሞ በስኳር አይወጣም። ግማሽ የቫኒላ ዘለላ ሰንጥቆ ከመጀመሪያው መጨመር ግን ችግር የለውም።

ልኬት ይቅደም፦

የአልኮል መጠኑን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚረሳው ዝንጅብሉ ራሱ ውኃ መሆኑን ነው። እርጥብ ዝንጅብል ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ስለዚህ 200 ግራሙ 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ ይዞ ይገባል። ስሌቱ እንዲህ ነው። በ700 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ቮድካ ውስጥ 280 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ይሄ በ860 ሚሊ ሊትር ላይ ሲሰራጭ 32 ወይም 33 በመቶ ይሆናል። አጥልለሽ የምታገኚው ወደ 700 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቀሪው ከዝንጅብሉ ጋር ይቀራል። ስለዚህ በእጅሽ ያለው አልኮል 228 ሚሊ ሊትር ያህል ነው።

አሁን ሽሮፕ እንጨምር። 200 ግራም ስኳር በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲሟሟ 325 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። ድምሩ 1025 ሚሊ ሊትር፣ መጠኑም 22 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ ለሊኬር ጥሩ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሊኬር ለመባል የሚጠየቀው ዝቅተኛው 15 በመቶ አልኮልና በሊትር 100 ግራም ስኳር ነው። የአንቺ በሊትር 195 ግራም ስኳር ይኖረዋል፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን አያሰለችም።

ጠንከር እንዲል ከፈለግሽ ከሽሮፑ ውኃ ቀንሺ። ስኳሩን በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ብቻ ብታሟሚው ወደ 25 በመቶ ይጠጋል። ጭራሽ ውኃ ሳይገባ ስኳሩን ዝፍዝፉ ውስጥ ብትጨምሪው 28 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ስኳሩ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ግን በየቀኑ መወዝወዝና ጥቂት ቀን መታገሥ አለበት። ሌላው መንገድ ከባለ 50 በመቶ መነሳት ነው፤ በዚያው 200 ግራም ስኳርና 200 ሚሊ ሊትር ውኃ 28 በመቶ ይሰጣል፣ ሽታውንም የበለጠ ያወጣል።

95 በመቶ የሆነ አልኮል ካለሽ እንዳለ አትጠቀሚበት፤ መጀመሪያ ወደ 60 በመቶ አውርጂው። 500 ሚሊ ሊትሩ ላይ አጠቃላዩ 790 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ውኃ መጨመር ነው። "290 ሚሊ ሊትር ውኃ" ብለሽ ለክተሽ አትጨምሪ፤ አልኮልና ውኃ ሲቀላቀሉ ድምሩ ስለሚቀንስ የዕቃውን መስመር እያየሽ ሙዪ። በአልኮል መለኪያ የምትለኪ ከሆነ ደግሞ ስኳር ከመግባቱ በፊት ይሁን። ስኳር ፈሳሹን ስለሚያከብደው መለኪያው ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል።

ሁለት ነገር በፍጹም አይታለፍ። ለመጠጥ የተሠራ አልኮል ብቻ ይግባ፤ ለማቃጠያ፣ ለጽዳት ወይም ለቁስል የሚሸጥ ስፒርት ሜታኖል ወይም ሌላ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ በማጥለልም በማፍላትም አይወጣም። ሌላው፣ አልኮል ያለበት ነገር ምድጃ ላይ አይጣድ፤ ሽሮፑም በደንብ ሳይቀዘቅዝ አልኮሉ ላይ አይፍሰስ። እንፋሎቱ በነበልባል ይያያዛል።

ቅመሜ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የዝንጅብሉን ውኃ ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው ሽሮፑን በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ አደርገዋለሁ። የቀረኝ የመደፍረሱና የማሩ ነገር ነው። ሲጠልልስ ዝንጅብሉ ይጨመቅ ወይስ እንዲሁ ይንጠባጠብ?

ጥሩ ወለላ፦

መደፍረስ አንድ ነገር አይደለም፤ መነሻው ሳይታወቅ መድኃኒት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

የመጀመሪያው ስታርች ነው። ጥሬ ስታርች ክብደት ስላለው ማታ ያስቀመጥሽው ጠርሙስ ጠዋት ከሥሩ ነጭ፣ እንደ ዱቄት ያለ አተላ ይዞ ይገኛል፤ በጥንቃቄ ከላይ መቅዳት ነው። ዝንጅብሉ ከፈላ ግን ስታርቹ ይበስልና እንደ ቀጭን ሙቅ ፈሳሹ ውስጥ ይበተናል፤ ያ በቀላሉ አይዘቅጥም፣ ወረቀትም ያልፋል። አፍልተው የሚሠሩ ሰዎች መጠጣቸው ጭጋግ ለብሶ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የዝንጅብል ዘይት በጠንካራ አልኮል ይሟሟል፤ ውኃ ሲበዛበት ግን በጥቃቅኑ ተለይቶ ወተት ወተት ያስመስለዋል። ጥርት ብሎ የነበረው ዝፍዝፍ ሽሮፕ እንደገባበት ከነጣ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከባለ 95 በመቶ ለሚነሳ ሰው ይብሳል፣ ብዙ ዘይት ስላወጣ።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት 2 ማንኪያ ከመጠጡ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ቅጂና ጠንካራ አልኮል ጠብ ጠብ አድርጊበት። ከጠራ ዘይት ነው፤ ካልጠራ ስታርች ወይም የማር ነገር ነው። የዘይቱ ከሆነ መጠጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ቀን አቆይቶ እንደቀዘቀዘ በወረቀት ማጥለል ብዙውን ያነሳዋል፤ ግን ከሽታውም ይወስዳል። በእኔ አስተያየት ቀላል ጭጋግ ከሆነ ተዪው፤ ጣዕሙ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ማጥለሉን በአንዴ ለመጨረስ አትሞክሪ። መጀመሪያ በስስ ጨርቅ ዝንጅብሉን ለዪ። ጨርቁን በእጅ ቀስ አድርገሽ ጭመቂ፤ ልኬት ይቅደም ያስቀመጠው 700 ሚሊ ሊትር የሚገኘው ከጭማቂው ጋር ነው። ይሁን እንጂ ጭማቂውን ከጠራው ጋር አትቀላቅዪ፤ ለብቻው አነስ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ይዝቀጥ። ሁለቱም ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ቀን ከቆሙ በኋላ ከላይ ያለውን ጥሩውን በቀጭን ቱቦ ሳቢው፤ የቱቦው ጫፍ ከአተላው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። የቡና ማጥለያ ወረቀት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ወረቀቱን አስቀድመሽ በጥቂት ቮድካ አርጥቢው፤ ጠብታው ሲዘገይ አትጠብቂ፣ በማንኪያም አትፋቂው፣ ቀይሪው እንጂ። ሽሮፕ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ስኳር የገባበት ፈሳሽ ወፍራም ስለሚሆን በወረቀት ለማለፍ ያስለቅሳል።

ማር ይሆናል። በ200 ግራም ስኳር ፈንታ 250 ግራም ይግባ፤ ማር አንድ አምስተኛው ገደማ ውኃ ነውና። ዝፍዝፉ ውስጥ ሳይሞቅ ይሟሟል። ፕሮቲኑና የሰፈፉ ቅሪት ስለሚያደፈርሱት ቢያንስ 3 ሳምንት ቆሞ እንደገና ከአተላው መቀዳት አለበት። ፈዘዝ ያለ፣ ሽታው ያልበረታ ማር ምረጪ፤ ጠቆር ያለው ዝንጅብሉን ይውጠዋል።

ትኩስ እጅ፦

ስለ ማፍላት የተባለውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ጥሎ መጣሉ ግን ልክ አይመስለኝም። ጥሬው ብቻውን የተዘፈዘፈበት መጠጥ አፍንጫ ላይ ጥሩ ሆኖ ምላስ ላይ ሊሳሳ ይችላል። ከ200 ግራሙ 150ውን ለዝፍዝፉ አድርጊና 50 ግራሙን ለሽሮፑ ተዪ። ከ150 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ ድስቱ ተከድኖ 20 ደቂቃ ይቆይ፤ ይጥለል፣ ይቀመጥና ከላይ ያለው ብቻ ይቀዳ። ስኳሩ የሚጨመረው በዚህ ውኃ ላይ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ካልሞላ በውኃ ይሞላል። ስታርቹ ገና ሽሮፕ ሳይሆን ስለተለየ ጭጋጉ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ጉሮሮ ላይ ይረዝማል።

ወተት ወይም ክሬም ያለበት ለሚያስብ ሰው ግን ማፍላት ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ጥሬ ዝንጅብል ዚንጂቤይን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኤንዛይም ስላለው ወተቱን ያረጋዋል። ኤንዛይሙን የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ዝንጅብሉ ሳይከተፍ መፍላቱ አይበቃም፣ መሐሉ ሳይሞቅ ይቀራል፤ በስሱ ተከትፎ ይፍላ። እንዲህ ያለው መጠጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ በ2 ሳምንት ውስጥም ይለቅ።

ክሬም የሌለበት ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ዓመት ይቆያል። ወዲያው አይጠጣ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አልኮሉና ስኳሩ ለየብቻ ይሰማሉ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲቆይ ይዋሐዳሉ። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ይሙላ፤ ግማሽ ጠርሙስ አየር ሎሚ ሎሚ የሚለውን ሽታ ቶሎ ያደክመዋል።

ሲያልቅ ከልክ በላይ ከፋጀ ስኳር ብቻ አትጨምሪበት፤ ይጣፍጥ ይሆናል እንጂ መፋጀቱ አይቀንስም። ዝንጅብል ያልገባበት ቮድካና ሽሮፕ በ2 ለ1 ቀላቅለሽ፣ 50 ሚሊ ሊትር እየጨመርሽ ቅመሺ። ከሳሳ ደግሞ ሽሮፕ ከመግባቱ በፊት 30 ግራም አዲስ ዝንጅብል ለ24 ሰዓት ይመለስበት።