ለቅዳሜው የፖክሞን ፍጻሜ ትሪክ ሩም (ቀርፋፋው ቀድሞ እንዲመታ የሚያደርገው ስልት) እንዳይከሽፍብኝ ማንን ላስቀድም?

የጦሳው፦ የደሴው ውድድር ጥንድ ለጥንድ ነው፤ ከስድስት አራት ይሰለፋል። ከፖክሞኖቹ ቶርኮል፣ ሃተሪንና ሴቷ ኢንዲዲ አሉኝ። ተጋጣሚዬ ኢንሲነሮርና ሪላቡም ይዟል፤ ፌክ አውቱን (ቀድሞ መትቶ ዙሩን የሚያስባክነውን ጥቃት) ፈራሁት።

ኮምቦልቻ፦ አብሽር! ኢንዲዲንና ሃተሪንን አስቀድም። የኢንዲዲ ሳይኪክ ሰርጅ (ስትገባ ሜዳ የሚያነጥፍ ችሎታዋ) መሬት የረገጡትን ከፌክ አውት ይጠብቃል። ግን ሪላቡምም የራሱን ሜዳ ያነጥፋል፤ የሚጸናው የዘገየው ስለሆነ የኢንዲዲን ፍጥነት ከሱ በታች አድርገው። ሃተሪን ትሪክ ሩም ስታወጣ ኢንዲዲ በፎሎው ሚ ምቱን ትቀበልላት፤ ሁለቱንም የሚመታ ጥቃት ግን በዚህ አይቆምም። የወጣበት ዙር ከ5ቱ ይቆጠራል፣ 4 ይቀርሃል።

ሐይቅ ዳር፦ ሃተሪን ማጂክ ባውንስ የሚባለው ችሎታ ይኑራት፣ ቶንት (እንደ ትሪክ ሩም ያሉ ምት ያልሆኑ ስልቶችን የሚከለክለው) ወደ ላኪው ይመለሳል። ቶርኮልን በደረጃ 50 ፍጥነቱን 22 ድረስ አውርደው። ጥቃቱ ኢራፕሽን 150 ኃይል ያለው ጤናው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነውና፣ እባክህ ምት ሊቀበል አታስገባው።