«ሰዓቱ አይዋሽም» ለምትሉን

መቅደላ፦ ትናንት ደግሞ አንዱ ዩቲዩበር «ዲኤንኤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ አረጋገጠ» ብሎ ሲያቅራራ አመሸ። የያዘው እ.ኤ.አ. የ2012ቱን ጥናት ነው፤ ከአሥር የኢትዮጵያ ሕዝቦችና ከሁለት ጎረቤቶች የተወሰደ የ235 ሰው ናሙና። ጥናቱ ኤልዲ (በክሮሞዞም ላይ የሚቀራረቡ የዲኤንኤ ነጥቦች ተያይዘው የመውረዳቸውን ትስስር) ለክቶ «ከአፍሪካ ውጭ የመጣው ዘር ከነባሩ ጋር የተቀላቀለው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው» አለ። በቃ ይኸው ነው። ማክዳን ከየት አመጣት?

የሳባ ልጅ፦ ከጥናቱ ነዋ! አጥኚዎቹ ራሳቸው በስሟ ጠርተዋታል። ደግሞ ዘሩ ከየመን ይልቅ ለሌቫንት (ለሶርያና ለእስራኤል አካባቢ) ይቀርባል ነው የሚሉት። ማክዳ ኢየሩሳሌም ሄደች እንጂ ሰንዓ መቼ ሄደች? ኤልዲ በየትውልዱ እየላላ የሚሄድ የትውልድ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ አይዋሽም።

አባ ቁጥር፦ ያሉት «ከአፈ ታሪኩ ጋር ይስማማል» ነው። እዚያው አጠገቡ ከኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ዕድሜ ጋርም ይስማማል ብለዋል፤ እሱን ለምን ዘለልከው? «ይስማማል» መቼ ነው «አረጋገጠ» የሆነው?

አሁን ወደማይዋሸው ሰዓትህ። ሁለት ሕዝቦች እኩል በእኩል ተቀላቀሉ እንበል። ሁለት ማርከሮች (ከሰው ሰው የሚለያዩ የዲኤንኤ ነጥቦች) እንውሰድ፤ የእያንዳንዳቸው ድግግሞሽ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል በ0.4 ይለያያል። የመነሻው ዲ (የኤልዲው መጠን) 0.5 × 0.5 × 0.4 × 0.4 = 0.04 ነው። በማርከሮቹ መካከል 1 ሴንቲሞርጋን (የክሮሞዞም ርቀት መለኪያ ነው) ካለ በየትውልዱ 1 በመቶው ይበጠሳል። ከ100 ትውልድ በኋላ 0.0146 ገደማ፣ ማለትም 37 በመቶው ይቀራል። 100ውን ትውልድ በ30 ዓመት ስታባዛ 3,000 ይመጣልሃል። በ25 አባዛውና 2,500 ነው። ማክዳ ሰሎሞንን አጥታ ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ልትደርስ ነው።

የሳባ ልጅ፦ ማባዣው ላይ ተንጠልጥለህ ቀረህ። 25ም በል 30፣ አሥር ሺህ አይሆንልህም።

ጣና ዳር፦ አሥር ሺህ ቢሆንስ በምን ታየዋለህ? ሶፍትዌሩ ኤልዲ ከርቀት ጋር የሚቀንስበትን ኩርባ የሚገጥመው «መቀላቀሉ አንዴ ሆነና አበቃ» ብሎ ነው። ሰው በቀይ ባሕርና በአባይ በኩል ለሺህ ዓመታት ሲገባ ሲወጣ ከኖረ፣ የሚወጣው ቁጥር ወደ ቅርቡ ያዘነብላል። አሮጌው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ከ0.5 ሴንቲሞርጋን በታች ያለውን ርቀት ብዙ ጊዜ እንጥለዋለን፤ ከመቀላቀሉ በፊትም በየሕዝቡ ውስጥ የነበረ ኤልዲ እዚያ ይበክለዋላ። አሁን የ400 ትውልድ፣ የ12,000 ዓመት መቀላቀል አስብ። 0.5 ላይ ከመነሻው 13 በመቶ ገደማ ቀርቷል፣ 1 ላይ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ምኑን ትገጥመዋለህ? በ2014 ሌላ ቡድን «ከውጭ የመጣው ዘር አብዛኛው ከግብርና በፊት ነው የገባው» ብሎ ሲከራከር የ3,000ው ቁጥር ያላገደው ለዚህ ነው።

የሳባ ልጅ፦ የሞጣው አጽምስ? 4,500 ዓመቱ ነው፣ የውጭ ዘር የለበትም። ስለዚህ ዘሩ የገባው ከሱ በኋላ ነው። ሰዓቱ ልክ ነበር ማለት ነው።

ጣና ዳር፦ ሞታ እንጂ ሞጣ አይደለም። ጋሞ ደጋ ላይ ያለ ዋሻ ነው፣ ጎጃም ምን ወሰደው? ደግሞ አንድ ሰው ነው። የጋሞ አንድ ሰው ስለ አክሱም ቃሉን ይስጥ?

ጎጃሜው፦ ሞጣን ለቀቅ አድርጓት።

አባ ቁጥር፦ ሞታን ካነሳችሁ እርማቱንም አንሱ። በ2015 ጥናቱ ሲወጣ የውጭ ዘር መላ አፍሪካን አዳርሷል ተባለ፤ በ2016 ታረመ። የሳምቱልስን ውጤት ለፕሊንክ (ሁለቱም የዲኤንኤ መረጃ ማቀነባበሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው) የሚያስማማው ስክሪፕት ሳይሄድ ቀርቶ፣ ሞታ ከማጣቀሻው ጂኖም ጋር አንድ የሆነባቸው ቦታዎች «መረጃ የለም» ተብለው ተጥለው ነበር። በአንድ ስክሪፕት የአህጉር ሙሉ ዘር ተቀየረ። አንተ ደግሞ ሰዓት አይዋሽም ትለኛለህ።

የሳባ ልጅ፦ እሱ የሌላ ጥናት ጥፋት ነው። ማመን ካቃታችሁ ማርከሮቹን በፕሊንክ 50፣ 5፣ 0.2 አጥርታችሁ አስሂዱትና ራሳችሁ እዩት።

አባ ቁጥር፦ ምን አልክ? 50 ማርከር በአንድ መስኮት፣ 5 እየዘለልክ፣ አር ስኩዌራቸው (የትስስራቸው ልክ) ከ0.2 ያለፈውን ጥንድ አንዱን ልትጥል? ያ ለፒሲኤ፣ ሰዎችን በዘር ቅርበት ለሚደረድረው ስሌት ነው! ኤልዲ ልትለካ ተነስተህ መጀመሪያ ኤልዲውን ታወጣለህ። ምርቱን ደፍተህ ገለባውን ልትመዝን ነው።

መቅደላ፦ 😂 ዩቲዩበሩ አንተው እንዳትሆን ብቻ።

ጣና ዳር፦ ካርታውንም አትርሱ። ሴንቲሞርጋን የሚሰጠን ካርታ የማን ነው? ክሮሞዞሙ የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ጂን፣ ፒአርዲኤም9፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ብዙ ዓይነት አለው። ካርታው 10 በመቶ ከሳተ 300 ዓመት ሄደ።

የሳባ ልጅ፦ እዚህ ላይ ያዝኩህ። ያ ልዩነት የሚጎላው በአጭር ርቀት ነው፤ ከ1 ሴንቲሞርጋን በላይ ካርታዎቹ ይቀራረባሉ። አጭሩን ርቀት ደግሞ እንጥለዋለን ያልከው አንተው ነህ!

ጣና ዳር፦ ይቀራረባሉ ማለት አንድ ናቸው ማለት ነው? «ይስማማል»ን «አረጋገጠ» ያደረግህበትን በሽታ እዚህም አመጣኸው።

ቀይ አፈር፦ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለማክዳ! በዚያው በ2012 ወላይታ ላይ የተሠራውን የዝሆኔ በሽታ ጥናት ዩቲዩብ ላይ የሚያቅራራለት የለም። በ194 ታማሚና በ203 ጤነኛ ሰው ብቻ ኤችኤልኤ (የሰውነት መከላከያ ጂኖች ሰፈር) ክፍል ሁለት ላይ ምልክት ተገኘ። ኤልዲ ለዚህ ሲሠራ ነው ደስ የሚለው።

አባ ቁጥር፦ ተገኘ፣ ግን የትኛው ጂን? ኤችኤልኤ ሰፈር ኤልዲው ረጅም ነው፤ ዲአርቢ1፣ ዲኪውኤ1፣ ዲኪውቢ1 እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚወርዱት። ምልክት የሰጠህ ማርከር ራሱ ጥፋተኛው ላይሆን ይችላል፣ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል።

ቀይ አፈር፦ ያ ትስስር ባይኖር በ400 ሰው ምን ይታይህ ነበር? ሌላው ሰፈር እንዲህ አይደለም። አፍሪካ ውስጥ ኤልዲው አጭር ነው፤ በአውሮፓውያን ላይ አር ስኩዌሩ 0.8 ሆኖ ጎረቤቱን የሚወክል ማርከር እዚህ ሲመጣ ጎረቤቱን ላያውቀው ይችላል።

የሳባ ልጅ፦ አሁንም የ3,000ውን ቁጥር ያፈረሰው የለም።

አባ ቁጥር፦ ማን ቁጥሩን ነካ? «አረጋገጠ»ን አውርድ ነው የምንልህ።

የሳባ ልጅ፦ አላወርድም።

ጎጃሜው፦ ሞጣና ሞታ ግን ምናቸው ነው የሚለያየው?