ካያኮችንና የሕይወት አድን ጃኬቶችን ከሻጋታ ለመጠበቅ የቀረበ የዕቅድ ውይይት

የመጋዘን ኃላፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የተከመሩትን ጃኬቶች ስፈትሽ በአንገታቸው ዙሪያና በማሰሪያዎቻቸው ስፌት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶባቸው አገኘሁ። የአንዱን በአየር የሚነፋ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) የወለል ንጣፍ ሳነሣም ከሥሩ የቀረው ውኃ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ከርፍቷል። በጣና ዙሪያ ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ ስለሚበረታ፣ ዕቅዱ ግንቦት ሳያልቅ እንዲጸድቅና ዕቃው ሁሉ በበረኪና እንዲታጠብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አስጎብኚ አባል፦ በዕቅዱ እስማማለሁ፤ በበረኪናው ግን አልስማማም። በረኪና ነጠብጣቡን ቢያነጣውም ጨርቁንና የስፌቱን ክር ያደክማል፤ ውኃ ውስጥ የወደቀን ሰው ጎትተን የምናወጣው ደግሞ ያንኑ ጃኬት ይዘን ነው። ሻጋታው በአብዛኛው የሚመገበው በላዩ የቀረውን ጭቃ፣ ላብና ቅባት ስለሆነ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አሽቶ በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል።

የመጋዘን ኃላፊ፦ ተቀብያለሁ፤ በረኪናው ከረቂቁ ይውጣ።

ጀልባ ነጂ አባል፦ በእኔ እምነት ዋናው ጉዳይ ማጠቡ ሳይሆን ማድረቁ ነው። አመሻሽ ላይ እንግዶቹን አውርደን ወደየቤታችን ስንቸኩል ካያኩ እንደረጠበ ተጠቅልሎ ይገባል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎች ከሐይቁ ሲወጡ ታንኳቸውን አቁመው ያደርቃሉ፤ ደንገል ውኃ ከጠጣ እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ያውቃሉና። እኛ ግን «ፕላስቲክ ምን ይሆናል» ብለን ተዘናግተናል። ስለዚህ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት የሆነ ዳስ ይሠራ፤ ካያኩ የወለል ንጣፉ ወጥቶ፣ እንደተነፋ በጎኑ ቆሞ ይደር፤ ጃኬቶቹም ሳይደራረቡ በሰፊ መስቀያ ይንጠልጠሉ። ለቀናት ፀሐይ ላይ መተው ጨርቁን ስለሚያሳሳው ጥላው ግድ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የዳሱን ወጪ እደግፋለሁ፤ ምሰሶውን ከባሕር ዛፍ ብናደርገው ይረክሳል። ማሞቂያ ይገዛ የሚለውን የቃል ጥያቄ ግን አልደግፍም፤ ኃይለኛ ሙቀት የካያኩን ማጣበቂያ ሊያላቅቅ ይችላል።

ሰብሳቢ፦ ማሞቂያው ቀርቷል። በጋዝ የሚነፉት ሁለቱ ጃኬቶች የጋዝ ጠርሙሳቸውና ውኃ ሲነካው ሟሙቶ ጃኬቱ እንዲነፋ የሚያደርገው ክፍላቸው ሳይወልቅ እንዳይታጠቡ የሚል ቃል በረቂቁ ላይ ጨምሬያለሁ። ያልተቋጨው፣ በሐምሌና በነሐሴ ዕቃው እስከ ጠዋት ሳይደርቅ ሲቀር ማን ይወስናል የሚለው ነው። እኔ በዕለቱ ተረኛ የሆነው ነጂ የስፌቱን ውስጥ በእጁ ዳስሶ፣ መድረቁን በመዝገብ ላይ ፈርሞ ያስረክብ እላለሁ፤ ያልተፈረመበት ዕቃ ዳሱ ውስጥ ይቆያል እንጂ መጋዘን አይገባም። ነጂዎች በዚህ ላይ ያላችሁን አስተያየት እስከ ዓርብ አሳውቁን።